አውቶማቲክ ሎግ ኦፍ ምንድን ነው?

አውቶማቲክ ሎግ ኦፍ ማለት ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሰርቨር (ሌሎች ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት ዋና ኮምፒውተር) የገባ ተጠቃሚ ለተወሰነ ጊዜ ኪቦርዱንም ሆነ ማውሱን ሳይነካ ሲቀር፣ ሲስተሙ አካውንቱን በራሱ የሚዘጋበት አሠራር ነው። በትምህርት ቤት ሰርቨር ላይ ከሁሉም ቀድሞ ሊሠራበት የሚገባው የአድሚኒስትሬተር አካውንት ነው፤ ተማሪ አካውንቱን ከፍቶ ቢሄድ የሚጋለጠው የራሱ ፋይል ሲሆን፣ በአድሚኒስትሬተር አካውንት ግን የሁሉንም ውጤት መለወጥና የመምህራንን የይለፍ ቃል መቀየር ይቻላል።

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ ባለሙያው ሮስተር ለማስተካከል ሰርቨሩ ላይ እንደገባ መብራት ጠፋ እንበል። እሱ ጄኔሬተር ለማስነሳት ሲወጣ፣ ሰርቨሩና ስክሪኑ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ስለሚሠሩ አካውንቱ እንደተከፈተ ይቆያል፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ውጤት ለማስገባት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ብዙ ጊዜ የሚምታታው ስክሪን መቆለፍና ሎግ ኦፍ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር የደኅንነት ፖሊሲ ውስጥ ያለው የሥራ ፈትነት ገደብ በሰከንድ የሚሞላ ሲሆን፣ 900 ከተጻፈበት ከ15 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑን ይቆልፋል እንጂ አካውንቱን አይዘጋም፤ የተከፈቱት ፕሮግራሞችም መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በኔትወርክ የገባ ሰውም መስኮቱን በኤክስ ምልክቱ ቢዘጋው ግንኙነቱ ብቻ ይቋረጣል፣ ሴሽኑ (ሲገባ የተከፈተለት የሥራ ቆይታ) ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀራል። ለአስተዳደር ሥራ በተለመደው አሠራር የሚፈቀዱት ሴሽኖች ሁለት ብቻ በመሆናቸው፣ የተረሱ ሴሽኖች ቦታውን ይዘው ሌላውን ባለሙያ ሊያስቸግሩት ይችላሉ። ስለዚህ በግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንቦች በሚወሰኑበት ቦታ) ሥራ ለፈታውም ሆነ ግንኙነቱ ለተቋረጠው ሴሽን የጊዜ ገደብ ማበጀት፣ ገደቡ ሲደርስም ሴሽኑ እንዲዘጋ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቲኤምአውት (TMOUT) የሚባለው ተለዋዋጭ 600 ሰከንድ ከተሰጠው፣ ትእዛዝ የሚጠብቀው ባሽ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይዘጋል።

ገደቡ ስንት ደቂቃ ይሁን? የክፍያ ካርድ መረጃን የሚመለከተው ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው መስፈርት ከ15 ደቂቃ ሥራ ፈትነት በኋላ ተጠቃሚው ማንነቱን እንደገና እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ ሰው በሚበዛበት የትምህርት ቤት ቢሮ ግን ስክሪኑ በ5 ደቂቃ ቢቆለፍ፣ ሎግ ኦፉ ደግሞ በ15 ደቂቃ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ባለሙያዎች ይህን አሠራር የሚያጠፉት አብዛኛውን ጊዜ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ የማውጣት ሥራ) እንዳይቋረጥ በመስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ሎግ ኦፍ በሴሽኑ ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋል። ይሁንና ባክአፑ በታስክ ስኬጁለር (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስጀምረው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ተጠቃሚው ባይገባም እንዲሠራ ሆኖ ከተቀጠረ፣ የአድሚኒስትሬተሩ አካውንት ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ የሚያድርበት ምክንያት አይኖርም።