የኤሲ ጌጅ ኮምቦልቻ ላይ ለምን 30 አይደርስም?

አዲስ ኤሲ ሲገጠም፣ ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በመዳብ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። «ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከዜሮ በታች 30 ኢንች ሜርኩሪ እስኪደርስ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ኮምቦልቻ ላይ ግን መርፌው 24 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ደሴ ላይ ደግሞ 22 ገደማ። ፓምፑ ተበላሽቶ አይደለም።

ተራው ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ግፊት ጋር እያነጻጸረ ነው። 30 የሚባለው ቁጥር ደግሞ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የመርፌው የመጨረሻ ቁጥርም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለሙያውን «30 ሳይደርስ ለምን አቆምክ?» ብሎ መሟገት እሱን መበደል ነው።

ያም ሆኖ 24 ማየት ብቻውን አያስተማምንም። ቱቦው ውስጥ የቀረ ጥቂት እርጥበት በዚህ መርፌ አይታይም። ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት በቀጥታ የሚለካውን የማይክሮን ጌጅ ግን ከፍታ አያታልለውም፤ የተለመደው ግብ 500 ማይክሮንና ከዚያ በታች ነው። ከዚያ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ፓምፑ ጠፍቶ ይጠበቃል። ቁጥሩ ከግቡ በላይ በግልጽ ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል፤ መውጣቱን ካላቆመ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።

«ትንሽ ጋዝ ለቀን አየሩን እንግፋው» የሚላችሁን ግን እባካችሁ አትቀበሉ። እርጥበቱ እዚያው ይቀራል፣ ከዘይቱ ጋር አሲድ ይፈጥራል፣ ኮምፕረሰሩንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።