ላይክ እና ሼር በሕግ ፊት አንድ አይደሉም

የጥላቻ ጽሑፍ ላይክ ወይም ታግ ማድረግ በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግር አዋጅ (ቁጥር 1185/2012) አያስጠይቅም፤ ሕጉ ሁለቱን ከ«ማሰራጨት» ትርጉም በግልጽ አውጥቷቸዋል። ሼር ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። ሰው በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ሆን ብሎ የሚያነሳሳ ነገር ማሰራጨት እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። በዚያ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። «እኔ አልጻፍኩትም፣ ያገኘሁትን ነው የለጠፍኩት» ማለት ብቻውን አያድንም። ለዜና ዘገባ ወይም ለጥናት የቀረበ ግን ክልክል አይደለም።

የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ከገጻቸው ማንሳት አለባቸው። በእኔ እምነት ይህ ጊዜ ረጅም ነው፤ የጥቃት ጥሪ በአንድ ሌሊት አገር ያዳርሳል።