በክላውድ የተቀዳ ፕሮግራም፦ ቀጂው ማን ነው?

ቤት ባለ መቅጃ የቀዱት ፕሮግራም እርስዎ ጋ ይቀመጣል። በክላውድ ሲቀዱ ግን ፋይሉ ያለው በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ ነው። ታዲያ በሕግ ዓይን የቀዳው ማን ነው?

በአሜሪካ ኬብልቪዥን የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ በክላውድ መቅጃው ምክንያት በፕሮግራም ባለመብቶች ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2008 በይግባኝ የረታው በአሠራሩ ነው። እንዲቀዳ ትእዛዝ የሚሰጠው ደንበኛው ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቅጂ ይቀመጥለታል፤ ያንንም የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ «ለሕዝብ የቀረበ» ስርጭት አልተባለም። አንድን ጨዋታ ሺህ ሰው ቢቀዳ ሺህ ተመሳሳይ ፋይል ይቀመጣል ማለት ነው። የማከማቻ ብክነት ይመስላል፤ አንዱን ፋይል ለሁሉም ማጋራት ግን ዋናውን መከራከሪያ ያሳጣል።

ይህ አሠራር የማሰራጫ ፈቃድን አይተካም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ኬብልቪዥን ቻናሎቹን የሚያስተላልፈው በፈቃድ ነበር። ኤሪዮ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ግን ያለ ፈቃድ፣ ለየደንበኛው ትንሽ አንቴና መድቦ ስርጭቱን ወዲያውኑ በኢንተርኔት ሲልክ በ2014 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 ተረታ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2017 ቪካስት በተባለው የክላውድ መቅጃ ድርጅት ጉዳይ፣ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚሰጥ እንዲህ ያለ የመቅጃ አገልግሎት በግል ቅጂ (ለራስ ጥቅም መቅዳት) ስም አይሸፈንም ብሏል።

የቀዱት ፕሮግራም ማስታወቂያ አላዘልል ካለ ወይም ከተወሰነ ቀን በኋላ ከጠፋ፣ የቴክኒክ ብልሽት ከመጠርጠርዎ በፊት የአገልግሎት ውሉን ያንብቡ፤ ገደቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድርጅቱ ከቻናሉ ጋር ከተፈራረመው ስምምነት ነው።