ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ሲቀየሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያገናኘው ዋና ሰሌዳ) እና ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው) በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ችግር ተከታትለው ይመጡበታል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ይወድቅና ስክሪኑ ድንገት ጠቁሮ ይመለሳል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ዊንዶውስን አክቲቬት አድርግ (ፈቃድህን አረጋግጥ) የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል።

«ድራይቨሩ የሚወድቀው ዊንዶውሱ አክቲቬት ስላልሆነ ነው።»
አይደለም። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ የሚከለክለው የጀርባ ምስልና ቀለም እንደመቀየር ያለውን ነው፤ ድራይቨር መጫንን አይነካም። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪኑን ማስተካከል ይሻላል፣ ላይሰንሱ (የዊንዶውሱ ፈቃድ) ቆይቶ ይደርሳል።

«ስክሪኑ ጠፍቶ ከተመለሰ ካርዱ ተበላሽቷል።»
ከቪስታ እትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ ካርዱን ይከታተለዋል። ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ሲስተሙ ድራይቨሩን ራሱ እንደገና ያስነሳዋል፤ ያ መጥቆር እሱ ነው። በኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ቁጥር 4101 ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል። ካርዱ ጤነኛ ሆኖም በኦቨርክሎክ (ከተሠራበት ፍጥነት በላይ በማስኬድ)፣ በሙቀት፣ አቅም ባነሰው ፓወር ሰፕላይ ወይም በደንብ ባልገባ የኃይል ገመድ ይህ ይከሰታል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች መዝገብ) ገብተው 2ቱን ሰከንድ የሚያስረዝሙ አሉ። ረጅም ስሌት ለሚያሠራ ሰው ያስኬዳል፤ ለሌላው ግን ትኩሳቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን መስበር ነው።

«አዲሱን ድራይቨር በአሮጌው ላይ መጫን ይበቃል።»
አሮጌውና አዲሱ ካርድ የአንድ ኩባንያ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ ከተሻገሩ ግን ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአነስተኛ ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ የአሮጌውን ድራይቨር ቅሪት ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ፕሮግራም መጥረግ ይሻላል። ኢንተርኔቱ በዚያ ሰዓት ይነቀል፤ ያለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ቀድሞ የራሱን ይጭናል።

«ግራፊክስ ካርድ ከተቀየረ አክቲቬሽኑ ይጠፋል።»
ካርዱ ብቻውን ብዙም አያጠፋውም። ጣጣው ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

«ማዘርቦርድ የቀየረ አዲስ ላይሰንስ መግዛት ግዴታው ነው።»
እንደ ላይሰንሱ ዓይነት ነው። ለብቻው የተገዛ ሪቴይል ላይሰንስ ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ተጭኖ የመጣው ኦኢኤም ግን ከመጀመሪያው ማዘርቦርድ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1607 ወዲህ ዲጂታል ላይሰንስን (ቁልፍ ቁጥር ሳይጻፍ ማይክሮሶፍት ዘንድ የተመዘገበ ፈቃድ) ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ ይህም ዕቃው ከመቀየሩ በፊት መሠራት አለበት። ከዚያ በኋላ በሴቲንግስ የአክቲቬሽን ገጽ ላይ ያለውን ትራብልሹተር ከፍቶ፣ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን መርጦ፣ በዚያው አካውንት መግባት ነው። የዊንዶውስ ሆም እትም ላይሰንስ ይዞ ፕሮ የተባለውን እትም የጫነ ግን እዚህ ላይ ይቆማል፤ እትሞቹ መግጠም አለባቸው።