የሠራተኞች ብዝኃነት አያያዝ

የሠራተኞች ብዝኃነት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ፆታና ብሔር ነው። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ አካል ጉዳት፣ ትምህርትና የሥራ ልምድም እዚያው ውስጥ ናቸው። ይህ ልዩነት ሥራውን እንዲጠቅም አድርጎ መምራት ዛሬ ራሱን የቻለ የሰው ሀብት አስተዳደር ዘርፍ ነው።

መነሻው ሕግ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. በሥራና በቅጥር አድልዎን የሚቃወም ስምምነት ቁጥር 111ን አጸደቀ። አሜሪካም በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግን አወጣች። ሕጉ ለሴቶችና ለጥቁሮች የቅጥር በር አስከፈተ። ከገቡት ብዙዎቹ ግን ታችኛው እርከን ላይ ቀሩ። ሩዝቬልት ቶማስ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ1990 ይህንኑ አንስተው መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን አሠራር እንዲፈትሹ ጠየቁ።

ለመሆኑ ብዝኃነት ውጤት ያሻሽላል? በራሱ አያሻሽልም። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። የሚመሳሰሉ ሰዎች ቶሎ ይግባባሉ፤ ስህተቱንም አንድ ላይ ያልፉታል። የተለያዩ ሰዎች ሲገናኙ ክርክር ይበዛል፣ መጀመሪያ ላይ ያደክማል። ጥቅሙ የሚመጣው ክርክሩ ሲደመጥ ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰን በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ሳይፈራ የሚጠይቅባቸውና ስህተቱን የሚናገርባቸው ቡድኖች የተሻለ እንደሚማሩ አሳይተዋል። አዲሷ ሠራተኛ አፏን በከፈተች ቁጥር አለቃዋ የሚያቋርጣት ከሆነ፣ መቀጠሯ ለሥራው ምን ጨመረ?

ልዩነቶች ሲደራረቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወጣቶቹ ሁሉ ሴቶችና የሽያጭ ሠራተኞች፣ አንጋፋዎቹ ሁሉ ወንዶችና መሐንዲሶች ቢሆኑ ቡድኑ በቀላሉ ለሁለት ይከፈላል። ሥራን አቀላቅሎ ማከፋፈል እዚህ ላይ ይረዳል።

ቅጥር ላይ ያለው ችግር በቁጥር ታይቷል። በ2004 በታተመ ጥናት፣ ለቦስተንና ለቺካጎ ቀጣሪዎች ተመሳሳይ ሲቪዎች በተለያየ ስም ተላኩ። የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው የጥቁር የሚመስል ስም ካለባቸው 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ጥሪ አገኙ። ለዚህ ነው ስም ሸፍኖ ማጣራት፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብና ፈታኞች ሳይመካከሩ ነጥብ እንዲሰጡ ማድረግ የሚመከረው።

ብዙ ድርጅቶች ግን የሚሮጡት ወደ ግዴታ ሥልጠና ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁራኑ ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የአሜሪካ ድርጅቶችን የብዙ ዓመት መረጃ ሲመረምሩ ሥልጠናው ብቻውን ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። የተሻለ የሠራው ጀማሪን ከነባር ጋር ማጣመርና ለጉዳዩ ተጠያቂ ኃላፊ መመደብ ነው።