ስፓርታዊ በወርቅ አይገዛም፦ ስለ ግሪክ ፋክሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስትራቴጂ ጌም የሚጫወት ሰው ግሪክን ሲመርጥ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ቀይ ካባ፣ የፈረስ ጋማ የተሰካበት የነሐስ ቁር፣ ከዚያ ደግሞ የማይበገር ሰልፍ። እኔም የምጠብቀው ይሄንኑ ነበር። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የራሳችንን ፋክሽን ለመሥራት ስንቀመጥ ግን ነገሩ ክርክር ሆነ። (ፋክሽን ማለት ተጫዋቹ መርጦ የሚመራው ወገን ነው።) የተከራከርንባቸውን ላውጋችሁ። የታሪኩ ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

«ግሪክ አንድ አገር ነበረች፤ አንድ ፋክሽን ይበቃታል»

አልነበረችም። ከ1,000 በላይ ከተሞች ነበሩ። ሁሉም የራሱ ሕግ፣ የራሱ ጦር፣ የራሱ ጠላት አለው። ጠላቱም አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱ ነው። የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ በ480 ሲዘምትባቸው እንኳን አልተባበሩም። አርጎስ ዳር ቆማ አየች። ቴብስ ይባስ ብላ በ479 ፕላቴያ ላይ ከፋርስ ጎን ተሰልፋ ሌሎቹን ግሪኮች ወጋች።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሮም፦ ቶታል ዋር» የግሪክ ከተሞችን ጠቅልሎ አንድ ፋክሽን አድርጓቸው ነበር። «ዜሮ ኤ.ዲ.» የተባለው ነፃ ጌም ግን አቴናን፣ ስፓርታንና መቄዶንያን ለየብቻ ያስቀምጣል። እኛም በዚህኛው መንገድ ሄድን። ተጫዋቹ የሚይዘው አንድ ከተማ ነው። የቀሩት ጥቅማቸው ሲነካ ጥለውት የሚሄዱ አጋሮች ናቸው።

«300 ስፓርታውያን ብቻቸውን ፋርስን ገተሩ»

በዚያው በ480 ዘመቻ ቴርሞፒሌ በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ የተሰለፉት ግሪኮች 7,000 ያህል ነበሩ። በመጨረሻው ቀን ከስፓርታው ንጉሥ ከሊዮኒዳስ ጋር ከቀሩት መካከል ቴስፒያ ከተባለች ሌላ የግሪክ ከተማ የመጡ 700 ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም እዚያው አለቁ። የቴስፒያን ስም የሚያነሳ ግን የለም።

«የስፓርታ ጥቅም ብርቱ ወታደር ቶሎ ቶሎ ማውጣት ነው»

ትልቁ ጠብ እዚህ ላይ ነበር። በጌም ልማድ ወርቅ ትከፍላለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ወታደር ይወጣል። ስፓርታ ላይ ይሄ አይሠራም። ሙሉ ዜጋ ለመሆን ከዜጋ መወለድ፣ በከተማዋ የወታደር ሥልጠና ማደግ፣ ከዚያም ለጋራው ማዕድ በየወሩ ከእርሻህ መዋጮ ማቅረብ ያስፈልጋል። መዋጮው ካቃተህ ዜግነትህን ታጣለህ። እርሻውን የሚያርሱት ደግሞ ሄሎት የሚባሉት ገባሮች ናቸው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ፕላቴያ ላይ 5,000 ስፓርታውያን ሲሰለፉ በእያንዳንዳቸው ልክ ሰባት ሰባት ሄሎት ተከትሏቸዋል።

የዜጎቹ ቁጥር ግን እየሟሸሸ ሄደ። በ425 በስፋክቴሪያ ደሴት በአቴና ከተማረኩት 292 ሰዎች ሙሉ ዜጎቹ 120 ገደማ ነበሩ። እነሱን ለማስመለስ ስትል ያቺ ኩሩ ከተማ ሰላም ለመነች! በ371 ሌውክትራ ላይ ከቴብስ ጋር በተደረገው ውጊያ 700 ዜጎች ዘምተው 400ው በአንድ ቀን ወደቁ። ስፓርታ ከዚያ ወዲህ አላንሠራራችም።

ስለዚህ የወርቁን ቁልፍ አነሳነው። የሞተ ስፓርታዊ የሚተካው ልጅ ተወልዶ ሲያድግ ብቻ ነው። ጦሩ ርቆ ከቆየ ደግሞ ቤት ውስጥ ሄሎቶቹ ያምጻሉ። መጀመሪያ የሞከረው ጓደኛችን «ይሄማ ቅጣት እንጂ ጌም አይደለም» ብሎ ተቆጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ውጊያ ከመግባቱ በፊት ቆም ብሎ ሲያስብ አየሁት።

«ሆፕሊት ማለት ሰይፍ መዞ ሰልፍ የሚሰብር ጀግና ነው»

ሆፕሊት ትልቅ ጋሻ ይዞ በሰልፍ የሚዋጋ የግሪክ እግረኛ ነው። ዋናው መሣሪያው ጦር ነው፤ ሰይፉ ጦሩ ሲሰበር ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን ጋሻው ላይ ነው። እኛ ጋሻ ስንል በእጅ ጨብጠን የምንይዘው የቆዳ ጋሻ ይታየናል። የሆፕሊቱ ሌላ ነው። ከእንጨት ተሠርቶ ብዙ ጊዜ ፊቱ በነሐስ የተለበጠ፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ክንድ መሃሉ ላይ ባለው ማቀፊያ እስከ ክርን ይገባል፣ ጣቶች ጠርዙ ላይ ያለውን እጀታ ይጨብጣሉ። እስቲ ግራ ክንዳችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት። የጋሻው መሃል ክርናችሁ ላይ ነው፤ ግማሹ ወደ ግራ ይተርፋል። የተረፈው ለእናንተ ሳይሆን በግራችሁ ለቆመው ሰው ነው። የእናንተን ቀኝ ጎን የሚጋርደው በቀኛችሁ ያለው ነው። የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ በ418 ስለተደረገው የማንቲኒያ ውጊያ ሲጽፍ፣ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ጋሻ ሲጠጋ መላው ሰልፍ ወደ ቀኝ ያዘነብላል ይላል።

ፎክሮ ከሰልፉ የሚወጣ ሰው እኛ ዘንድ ይዘፈንለታል። እዚያ ግን የጎረቤቱን ጎን ገልጦ ነው የሚሄደው። ከቴርሞፒሌ በሕይወት በመትረፉ የተናቀው አሪስቶዴሞስ ፕላቴያ ላይ ከሰልፉ ወጥቶ እንደ አንበሳ ተዋግቶ ሞተ። ስፓርታውያን የክብር ሽልማቱን ነፈጉት፤ መሞት ፈልጎ ቦታውን ለቀቀ ብለው።

ስለዚህ የእኛ ሆፕሊት ብቻውን ደካማ ነው፣ ጎኑ ሰው ሲኖር ይጠነክራል። ጦር ወርዋሪ ሲመጣበትም ይቸገራል። በ390 ከቆሮንቶስ አጠገብ የአቴናው የጦር አዛዥ የኢፊክራተስ ቀላል ትጥቅ ያላቸው ወታደሮች 600 ከሚያህሉ የስፓርታ ጦረኞች 250 ያህሉን እየተጠጉ በመወርወር፣ ሲባረሩ እየሸሹ ጨርሰዋቸዋል። አምስት ሜትር የሚያልፈውን ረጅም ጦር ደግሞ ለሆፕሊት እንዳትሰጡት። እሱ የመቄዶንያው ንጉሥ የዳግማዊ ፊልጶስ ጦር መሣሪያ ነው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ።

«የጦር መርከቡን የሚቀዝፉት በሰንሰለት የታሰሩ ባሪያዎች ናቸው»

በአንድ መርከብ 170 ቀዛፊ አለ። በአቴና አብዛኞቹ ነፃ ሰዎች ነበሩ፤ ጋሻ መግዛት የማይችሉ ድሃ ዜጎችና ቅጥረኞች፣ በቀን ደመወዝ። ሙያ ነው። በ429 የስፓርታና የአጋሮቿ (የፔሎፖኔዝ) መርከበኞች የአቴናን ወደብ ሊያጠቁ ሲነሱ፣ እያንዳንዱ ቀዛፊ መቅዘፊያውን፣ መቀመጫ ትራሱንና የመቅዘፊያ ጠፍሩን ተሸክሞ ከቆሮንቶስ በእግሩ ተጉዟል። ባሪያ የቀዘፈበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። በ406 ሰው ሲያጥር አቴና ባሪያዎችን አሰልፋ በኋላ ነፃ አውጥታቸዋለች።

ባሪያው በብዛት የነበረው ሌላ ቦታ ነው፤ የላውሪዮን ብር ማዕድን ውስጥ። በ483 አዲስ ብር ሲገኝ ለዜጎች ይከፋፈል ተባለ። የአቴናው ፖለቲከኛ ቴሚስቶክለስ ግን መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳመናቸው። በ480 ሳላሚስ ላይ የፋርስን መርከቦች ያሸነፉት እነዚያ መርከቦች ናቸው። በጌማችን ማዕድኑ ከተያዘ ቀዛፊው ደመወዝ ያጣል፣ መርከቡም ወደብ ላይ ይቀራል።

«ሁሉም ነገር ነጭ እብነ በረድ ነው»

ቀለሙ ዘመን አጥቦት ነው። ሐውልቶቹም ቤተ መቅደሶቹም ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ሥዕል የሚሠራልን ልጅ ጌጦቹን ቀይና ሰማያዊ አድርጎ ሲያሳየን አንዱ «የሰርግ ድንኳን አስመሰልከው» አለው። አልቀየርነውም።