የስለላ ሙዚየም ዕቃ ከየት ይመጣል? የምንሳሳትባቸው ነገሮች እና እውነታው

ሜሪላንድ ውስጥ ፎርት ሚድ አጠገብ ናሽናል ክሪፕቶሎጂክ ሙዚየም የሚባል ቤት አለ። የአሜሪካ የሚስጥር ኮድ ሠሪዎችና ሰባሪዎች ታሪክ ያለው እዚያ ነው። በ1993 ሲከፈት ሕንጻው የድሮ ሞቴል ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዓ.ም. ያልኩት ብቻ የእኛ ነው።) መግቢያው ነጻ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግም ብዙ ስለማይርቅ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ እወስዳለሁ። ጀርመኖች መልእክታቸውን በሚስጥር ይጽፉበት የነበረውን ኤኒግማ የተባለ ማሽን እናያለን። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤኒግማን ለመስበር ያሠራውን፣ ቁም ሣጥን የሚያክለውን «ቦምብ» የተባለ ማሽንም እናያለን። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ የማይቀር ክርክር አለ። እንግዶቹ ይለያያሉ፤ የሚሉት ግን ያው ነው።

«መንግሥት ሁሉንም ደብቆ አስቀምጦታል፤ ሙዚየሙ ከመጋዘን እያወጣ ነው የሚያሳየው»

ይሄ የሁሉም እንግዳ አባባል ነው፤ ከእውነቱም በጣም የራቀው እሱ ነው። የስለላ ሰው ዱካ አይተውም። ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ ይፈርሳል፣ ወረቀቱ ይቃጠላል።

ኮሎሰስ የተባለውን ማሽን እንይ። እንግሊዞች በሁለተኛው ዓለም ጦርነት የጠላት ኮድ ይሰብሩበት በነበረው ግቢ፣ ብሌችሊ ፓርክ ውስጥ፣ በ1944 ሥራ ያስጀመሩት ኮምፒውተር ነው። የጀርመን ከፍተኛ አዛዦች በሎሬንዝ ማሽን የሚላላኩትን መልእክት ለመፍታት ያግዝ ነበር። የነደፈው ቶሚ ፍላወርስ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የስልክ መሐንዲስ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ 10 ኮሎሰሶች ነበሩ። 8ቱ ፈረሱ። ሁለቱ ለጊዜው ቢተርፉም ኋላ እነሱም ጠፉ። ፍላወርስ ንድፎቹን እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ ራሱ እሳት ውስጥ ከተታቸው።

በ1993 ቶኒ ሴል የሚባል ሌላ መሐንዲስ ማሽኑን እንደገና እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በእጁ የነበረው በ1945 የተነሡ 8 ፎቶዎችና የድሮ ባልደረቦች ትእዛዝ ጥሰው ቤታቸው ያስቀሩት የንድፍ ቁርጥራጭ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ አገልግሎት ካቆሙ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ዕቃ ለቃቀሙ። ሥራው የተጠናቀቀው በ2007 ነው። 14 ዓመት ማለት ነው! የመጀመሪያው ኮሎሰስ ጦርነት መሀል የተሠራው ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነበር።

አንዳንዱ «እሱማ ኮፒ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። እኔ አልስማማም። ማሽኑ እንዴት ይሠራ እንደነበር በደንብ የታወቀው መልሰው ሲገጣጥሙት ነው። የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዝም ያለ ብረት ያንን አይነግርህም።

አንዳንዴ ደግሞ ዕቃው ያለው ማንም በማይጠረጥረው ቦታ ነው። በ2016 የዚያው የብሌችሊ ግቢ የኮምፒውተር ሙዚየም በጎ ፈቃደኞች ኢቤይ ላይ አንድ አሮጌ ቴሌፕሪንተር (በሽቦ የሚላክ ጽሑፍ መጻፊያ ማሽን) አዩ። ኤሴክስ ውስጥ ሳውዝኤንድ ከተማ፣ ጓሮ ካለ ዕቃ ቤት ነው የሚሸጠው። ዋጋው 9 ፓውንድ ከ50። ሄደው ሲያዩት የጀርመን ጦር ለሎሬንዝ ይጠቀምበት የነበረው ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

«ዋናው ማሽኑ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

ብሌችሊ ውስጥ ኤኒግማን የሚፈቱ ሰዎች ይሠሩ የነበረው በእንጨት ጎጆዎች ነበር። በ2013 «ሃት 6» የተባለው ጎጆ ሲታደስ ከጣሪያው ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ወጣ። የጦርነቱ ጊዜ ሠራተኞች ብርዱ ሲያስቸግራቸው ቀዳዳውን በአሮጌ የሥራ ወረቀት ወትፈውት ነበር። ደንቡ ግን ወረቀቱ ሁሉ ይጥፋ የሚል ነው! ከወጡት መካከል «ባንበሪ» የሚባሉ፣ ሁለት መልእክት ለማነጻጸር በቀዳዳ ምልክት የተደረገባቸው ሉሆች ነበሩ። ሌላ ቦታ ተርፎ የተገኘ አልነበረም። እንዳይበላሹ መጀመሪያ ፍሪዘር ገቡ፤ ከዚያ ጸድተው ተጠገኑ። ኤኒግማ ማሽን በዓለም ላይ ብዙ አለ። የእነዚያ ሰዎች እጅ ያረፈበት ሉህ ግን ብርድ ባይኖር ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር።

«አሮጌ ዕቃ ተወልውሎ ሲያበራ ነው የሚያምረው»

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። አያቴ የክቡር ዘበኛ የሬዲዮ ሰው ነበሩ። ከነሐስ የተሠራ የቀበቶ ዘለበት ነበራቸው፤ ጠቁሮ አረንጓዴ የጀመረ። አንድ የበዓል ዋዜማ፣ ልጅ ሆኜ፣ በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። እንደ ወርቅ አበራ። እየሮጥኩ ወስጄ አሳየኋቸው። ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ዝም አሉ። ከጀርባው በሚስማር የተጫረ ቁጥር ነበር። የአገልግሎት ቁጥራቸው። አሁን እዚያ ጣት ሲያርፍበት ሻከር ከማለት በቀር የለም።

ነሐስ ሲወለወል ከላዩ ብረት ይነሣል። የሚጠፋው መጀመሪያ ቀጭኑ ጭረት ነው፤ ባለቤቱን የሚነግረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ጭረት ነው። የሙዚየም ሰዎች አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያነሣሉ፣ እርጥበቱን ይቆጣጠራሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ለወረቀትም እንደዚያው ነው። የተቀደደ ደብዳቤ በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ያቢጨዋል። ላሚኔት ማስደረግ ከዚያም ይብሳል፤ አንዴ ከተደረገ መልሶ ማላቀቅ ጭንቅ ነው።

«ወረቀት በነጭ ጓንት ነው የሚነካው»

ፊልም ላይ ያምራል። ብዙ ቤተ መዛግብት ግን ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ ባዶ እጅ ይሻላል ይላሉ። በጥጥ ጓንት የወረቀቱን ጠርዝ መለየት ያስቸግራል፤ መቅደድ ይመጣል። ጓንት የሚያስፈልገው ለብረትና ለፎቶ ነው።

«አሮጌ የጦር ዕቃ ምን ይጎዳል፣ ጥይት የለውም»

ይጠንቀቁ። በጨለማ እንዲያበሩ የተደረጉ የድሮ ሰዓቶችና መለኪያዎች ራዲየም የተባለ ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ቀለም ሊኖርባቸው ይችላል፤ መስታወታቸውን መክፈት አያስፈልግም። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጊዜ የጋዝ ጭምብሎች ማጣሪያቸው ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ያለባቸው አሉ። ለልጅ መጫወቻ አይሰጡም፣ ለፎቶ ተብለውም ፊት ላይ አይጠለቁም።

«ሙዚየም ከገባ በኋላ ምንም አይሆንም»

በሚያዝያ 2000 አንድ ብርቅዬ ዓይነት ኤኒግማ ከብሌችሊ ፓርክ ከራሱ ተሰረቀ። ከወራት በኋላ በፖስታ ለቢቢሲው ጋዜጠኛ ጄረሚ ፓክስማን ተላከለት። ሦስት ሮተሮቹ (ፊደል የሚቀያይሩት ተሽከርካሪ ጎማዎች) አብረውት አልነበሩም።

«ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገባን?»

ይህን ስሰማ መኪናውን ዳር ይዤ ማስረዳት ያምረኛል። በ1940 መጨረሻና በ1941 መጀመሪያ የጣልያን ጦርና አየር ኃይል በምሥራቅ አፍሪካ የሚላላኩትን የሚስጥር መልእክት እንግሊዞች ብሌችሊና ካይሮ ውስጥ ያነብቡት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ዘመቻ ውስጥ ያ ንባብ ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ የብሌችሊ ወረቀት የእኛም ነው።

በእኛም በኩል የመረጃ ሰዎች ነበሩ። የውስጥ አርበኞች እንላቸዋለን። ከተማ ውስጥ ሆነው ለዱሩ አርበኛ ወሬና ጥይት ያሾልኩ ነበር። ከመካከላቸው ስማቸው የታወቀው ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው፤ ጣልያን አስሮ አገሩ ውስጥ እስካለችው አዚናራ ደሴት ድረስ ወስዷቸዋል። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት የሚተርፈው ወረቀት ባለመተዋቸው ነበር። ስለዚህ ከእነሱ የሚቀረን ፎቶ፣ ማኅተም፣ ከሣጥን ሥር የተቀመጠ ደብዳቤና አያት የሚነግሩት ወሬ ነው። ወሬው ከዕቃው ከተለየ ዕቃው ማንም የማያውቀው ብረት ይሆናል።

የአያቴ ዘለበት አሁን እኔ ጋ ነው። አሲድ የሌለው ወረቀት ጠቅልዬ፣ ደረቅ ሣጥን ውስጥ አድርጌዋለሁ። አብሮት በእርሳስ የተጻፈ ካርድ አለ፤ የማን እንደሆነ፣ የት እንዳገለገሉ፣ ከማን እጅ እንደደረሰኝ የሚል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ነው፦ «ከጀርባው ቁጥር ነበረ። በልጅነቴ ስወለውለው ጠፍቷል።»